ከአገጭ ሥር ወደ አናት

አል-ሳሃፋ በኻርቱም ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በአረብኛ ጋዜጠኝነት፣ ፕሬስ እንደ ማለት ነው። ለዓመታት የኖረበት ሐበሻ ግን ስሙን ከጋዜጣ ጋር አያዛምደውም ነበር፤ የሚያዛምደው ከእንጀራ፣ ከጀበናና ከፀጉር ቤት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ «ሳሃፋ ዘለጥ» የሚባለውን የአስፋልት መንገድ ይዞ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰው የአማርኛና የትግርኛ ዘፈን ከአረብኛው ጋር ተደባልቆ ይሰማ ነበር። የበርበሬና የተቆላ ቡና ሽታ በሪክሻዎቹ ጭስ መካከል ይቀበለዋል። ኻርቱም የገባ አዲስ ስደተኛ አገር ቤት የሚደውልበትን ሲም ካርድ፣ የሚያድርበትን ክፍልና የሚሠራበትን ቦታ የሚያፈላልገው በአብዛኛው በዚሁ አካባቢ ነበር።

በዚያ መንገድ ዳር አንድ ፀጉር ቤት ነበረ። ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስተዋት እንጂ ሌላ ዕቃ አልነበረውም። ባለቤቱ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የአሥመራ ሰው ናቸው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቶንዶሱን አስቀምጠው መቀስ ያነሣሉ፣ ሥራቸውን ግን አያቋርጡም። ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊው፣ ሱዳናዊው ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ሰውየው ጨዋታ ያውቃሉ። «ሰው ፊቱን ለሁሉም ያሳያል፤ አናቱን ግን ለእኔና ለፈጣሪው ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

አናታቸውን ከሚያሳዩዋቸው ደንበኞች አንዱ የጎንደር ተወላጅ የሆነ የምግብ ቤት ባለቤት ነው። በ2005 በመተማ በኩል ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ ዕድሜው ሃያ አራት፣ ፀጉሩም ሙሉ ነበር። ሃያ ሰባት ሲሞላው የግንባሩ ዳርና ዳር ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ፤ ሠላሳ ሳይሞላው አናቱ ተገለጠ። በሱዳን ራሰ በራነት በቀላሉ የሚሸሸግ ነገር ነው። ሱዳናዊው ጣቂያውን ይደፋል፣ በላዩም ረጅሙን ነጭ ዒማ ይጠመጥማል፤ ከዚያ ሥር ያለውን የሚጠይቅ የለም። የጎንደሩም ሰው የኳስ ተጫዋች ኮፍያ ማድረግ ለመደ። ሆኖም ክርስቲያን ነውና በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኮፍያውን ማውለቅ ነበረበት። ስድስቱን ቀን የተሸፈነው በሰባተኛው ይገለጣል። ይህች የአንድ ሰዓት ጉዳይ የማታስጨንቀው ሰው ሊኖር ይችላል፤ እርሱን ግን አስጨነቀችው። ከዚያ በኋላ ከምእመናኑ ኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ መቆም ጀመረ።

በ2015 ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አንድ የውጭ ከተማ ሄደና ፀጉሩን አስተከለ። ከማን ዘንድ እንደተሠራ ማንሣቱ አይጠቅምም፤ የሆነው ግን ይህ ነው። ከኋላና ከጆሮ በላይ የተነቀለው ፀጉር ከሚገባው በላይ ሆነ። አናቱ ላይ ከተተከለው ብዙው አልያዘም። ተመልሶ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ስስ፣ ማጅራቱ ደግሞ ብል የበላው ጋቢ መሰለ። የአሥመራው ፀጉር አስተካካይ መስተዋቱን ከኋላ ይዘው ካሳዩት በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላ በኩል አሳጥረው አያውቁም፤ ባዶዎቹ ነጥቦች እንዳይታዩ ጥቂት አስረዝመው ይተዉለታል።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አረብኛ ይህን ሕክምና «ዚራዐት አሽ-ሸዐር» ይለዋል፤ ዚራዐ እርሻ ነው፣ ስለዚህ ቃል በቃል የፀጉር እርሻ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ለዚህ ጉዳይ የሚጓዝባት የቱርክ ቋንቋ ደግሞ «ሳች ኤኪሚ» ይላል፤ ኤኪም መዝራት፣ መትከል ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት የሚያዩት የሚበቅልበትን ቦታ ብቻ ነው። የሰማ ሰው ዘር ተዘርቶ አዲስ ነገር የሚበቅል ይመስለዋል። አማርኛው «ንቅለ ተከላ» ሲል ግን የመጀመሪያውን ድርጊት አልደበቀም፦ መጀመሪያ መንቀል አለ፣ መትከል ከዚያ ይከተላል። በዚህ ረገድ የአማርኛው ቃል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ምክንያቱም በዚህ ሕክምና አንዲት አዲስ ፀጉር አትፈጠርም፤ የነበረችው ቦታ ትለውጣለች እንጂ። የተነቀለበት ቦታ መልሶ አያበቅልም። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ ሒሳብ ያለው በተተከለበት ቦታ ሳይሆን በተነቀለበት ቦታ ነው። የጎንደሩ ሰው ይህን ሒሳብ ያወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው።

የሕክምናው ታሪክ ራሱ የቋንቋ ታሪክ አለበት። ሾጂ ኦኩዳ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም በትናንሽ ክብ መብሻዎች ፀጉር ያለበትን ቆዳ እያወጡ፣ ፀጉር በጠፋበት ጠባሳ ላይ እንዴት እንደሚተከል እ.ኤ.አ. በ1939 በዝርዝር ጽፈው አሳተሙ። የጻፉት በጃፓንኛ ነበር፤ ወዲያውም የዓለም ጦርነት መጣ። ሥራቸው በምዕራቡ ዓለም ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ። ኒውዮርክ ውስጥ ኖርማን ኦሬንትራይክ የተባሉ የቆዳ ሐኪም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተመሳሳዩን ነገር ለተራው ራሰ በራነት ሞከሩና በ1959 አሳተሙ፤ ዓለምም ከዚያ ጀምሮ ይቆጥራል። ተርጓሚ ያጣ ጽሑፍ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል ማለት ነው።

ኦሬንትራይክ ለዘርፉ ያስገኙት ትልቅ ነገር አንድ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። የተነቀለ ፀጉር የሚሄድበትን ቦታ ባሕርይ አይወርስም፤ የመጣበትን ባሕርይ ይዞ ይኖራል። የማጅራት ፀጉር ስለማይመለጥ፣ አናት ላይ ቢተከልም አይመለጥም። በኋላ የመጡ ሐኪሞች ይህ ሙሉ በሙሉ እውነት እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሱንግጁ ህዋንግ የተባሉ ኮሪያዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ከራስ ተነቅሎ እግር ላይ የተተከለ ፀጉር እድገቱ ዝግ እንደሚል ዘግበዋል። አዲሱም ቦታ የራሱን ተጽዕኖ ያሳርፋል ማለት ነው። ዋናው ሐሳብ ግን እንደቆመ ነው። ሳሃፋ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖሮ አሁንም በጎንደር ዘዬ የሚናገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻውም።

ታዲያ ማጅራቱ ያለቀበት ሰው ከየት ያምጣ?

የጢሙ ነገር የተነሣው በሐዘን ምክንያት ነው። በ2019 የሱዳን ሕዝብ ኦማር አል-በሽርን ከሥልጣን ባወረደበት ዓመት፣ የጎንደሩ ሰው አባት አገር ቤት አረፉ። ጊዜው ጁን ነበር፤ በዚያ ወር ሦስተኛ ቀን ኻርቱም ውስጥ የተቃዋሚዎች ሰፈር በኃይል ከተበተነ በኋላ ኢንተርኔት ለአንድ ወር ያህል ተቋርጧል። እኅቱ እንደ ወትሮው በኢንተርኔት ብትደውል አላገኘችውም፤ መርዶውን ያመጣለት ከገዳሪፍ የመጣ ሾፌር ነው። ሰልስቱ አልፎ ነበር። ከሰማበት ቀን ጀምሮ አርባውን ቆጥሮ ጢሙን አልተላጨም። የአገሩ ወግ ነውና ማንም ለምን አላለውም፤ ሱዳናውያኑም አልጠየቁትም።

አርባው ሲያልቅ ፀጉር ቤቱ ገባ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አዛውንቱ አገጩን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጢሙ ከጉንጩ ጀምሮ እስከ ማንቁርቱ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ ወጥቷል።

«አንተ ልጅ፣ ፀጉርህ የጠፋ መስሎህ ነበር? ወርዶ እታች ነው ያለው» አሉት።

«እንግዲያው ወደ ላይ ይመልሱልኛ፣ ጋሼ።»

ሁለቱም ሳቁ። ለሐዘንተኛው የአርባ ቀን የመጀመሪያ ሳቁ ነበር። ጢሙም ተላጨና መሬት ወድቆ ተጠረገ። ይሁን እንጂ አዛውንቱ በቀልድ የተናገሩት ነገር ሕክምናው ከመጠቀም አልፎ ከመረመረው እውነት የራቀ አልነበረም።

አናትን የሚያራቁተውና አገጭን የሚያለብሰው አንድ ሆርሞን ነው። ጄምስ ሐሚልተን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አካል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ የተሰለቡ ወንዶች እንደማይመለጡ፣ የወንድነት ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው መመለጥ ካለ መመለጥ እንደሚጀምሩ አሳዩ። ሰለባዎች እንደማይመለጡ ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩት ግሪኮችም ያውቁ ነበር። ሌላው ቁልፍ የተገኘው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው። ጁሊያን ኢምፔራቶ-ማክጊንሊ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በ1974 ስለዚያች አገር አንዳንድ ቤተሰቦች ጻፉ። እነዚህ ሰዎች ቴስቶስቴሮንን ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ወደሚባለው ጠንካራ ሆርሞን የሚለውጠው ኢንዛይም በዘር ይጎድላቸዋል። ወንዶቹ አይመለጡም፤ ጢማቸው ግን ስስ ነው። አንዱ ሲቀር ሌላውም ይቀራል። ከዚህ ዕውቀት ፊናስተራይድ የተባለው ክኒን ተወለደ፤ አሜሪካ ለመመለጥ እንዲሰጥ የፈቀደችው በ1997 ነው። እንግዲህ ራሰ በራ ሆኖ ጢመ ሙሉ መሆን የሚቃረን ነገር አይደለም፤ ከአንድ ምንጭ የሚጠጡ ሁለት ማሳዎች ናቸው፣ አንዱ ይደርቅበታል፣ ሌላው ይለመልምበታል። የጢም ፀጉር ያን ሆርሞን የማይፈራ ብቻ ሳይሆን የሚመገብ በመሆኑ፣ አናት ላይ ቢተከል እዚያ የነበረውን ያጠፋው ነገር እርሱን አያጠፋውም።

ስለሆነም ማጅራታቸው ላለቀባቸው፣ በተለይም ቀድሞ በተበላሸ ንቅለ ተከላ ለጋሽ ቦታቸው ለተራቆተባቸው ሰዎች፣ ሐኪሞች ወደ ጢም ዘወር ማለት ጀመሩ። ፀጉርን በቁራጭ ቆዳ ሳይሆን አንድ በአንድ ከሥሩ የማውጣት ዘዴ ከ2002 ወዲህ ከተስፋፋ በኋላ ይህ የሚቻል ሆነ፤ ፊት ላይ በቢላ ረጅም መስመር ቀዶ መስፋት ማንም የሚፈቅደው ነገር አይደለምና። በካሊፎርኒያ የሚሠሩት ሳኑሲ ኡመር የተባሉ የቆዳ ሐኪም ከጢምና ከሰውነት ፀጉር የሚደረገውን ንቅለ ተከላ በሰፊው ከጻፉት ወገን ናቸው፤ በ2016 የ122 ታካሚዎቻቸውን ተሞክሮ አሳትመዋል። በኢስታንቡል ደግሞ የነገሩ ተገላቢጦሽ ይሠራል። ጢም የሌለው ጎልማሳ ከማጅራቱ አስነቅሎ አገጩ ላይ ያስተክላል። አንዱ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላው ከታች ወደ ላይ ሲያጓጉዝ፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሊጠብቁ ይችላሉ።

የጢም ፀጉር ግን ጢም ነው። ከራስ ፀጉር ይወፍራል፣ ይከረክራል። የራስ ፀጉር ከአንድ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ሆኖ ሊወጣ ሲችል፣ የጢሙ በአብዛኛው ነጠላ ነው። የራስ ፀጉር ሳያቋርጥ የሚያድግበት ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ሲደርስ የጢሙ ከዚያ በእጅጉ ያጥራል፤ ስለዚህ ወደ ትከሻ የሚወርድ ጎፈሬ ከእርሱ አይጠበቅም። በዚህም ምክንያት ግንባር ላይ ባለው የፀጉር ዳርቻ አይተከልም። እዚያ ላይ ስሱና ለስላሳው ካልሆነ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። ቦታው መሐል አናት ነው፣ ከተረፈው የራስ ፀጉር ጋር ተደባልቆ። ውፍረቱ እዚያ ጉድለት መሆኑ ቀርቶ በረከት ይሆናል፤ ጥቂቱ ብዙ ይሸፍናል።

የሚነቀለውም ከጉንጭ ሳይሆን ከመንጋጋ አጥንት በታች፣ ከአገጭ ሥርና ከአንገት በላይኛው ክፍል ነው፤ ጠባሳው ከጥላው ሥር እንዲቀር። ሰውየው ከቀጠሮው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ይላጫል። ከዚያ ወዲህ ብቅ ያለው ፀጉር በእድገት ላይ ያለ ነውና የሚመረጠው እርሱ ነው፤ ባለበት የቀረው ተኝቷል። ቆዳው በመርፌ ይደነዝዛል። የአንገት ቆዳ ልል ስለሆነ ረዳቷ በጣቷ ወጥራ ትይዛለች፣ ሐኪሙም ዲያሜትሩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ መብሻ እያንዳንዱን ሥር ይከባል። ጊዜ የሚፈጅና አንገት የሚያደክም ሥራ ነው፤ የታካሚውንም የሐኪሙንም።

ለሐበሻና በጠቅላላው ለአፍሪካዊ ግን ሌላ ችግር አለ። የተጠቀለለ ፀጉር ከላይ ብቻ አይደለም የሚጠቀለለው፤ ሥሩም ከቆዳ በታች የታጠፈ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርድ መብሻ መታጠፊያው ላይ ይደርስና ሥሩን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ሥር አናት ላይ ላይበቅል ይችላል፤ ተነቅሏልና ከጢሙም ጎድሏል። ከሁለት ያጣ ማለት ነው። ሁለተኛው ጣጣ ጠባሳ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቀዳዳው ሲድን ነጭ ነጥብ ሊተው ይችላል። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ትንሽ ቁስል ባገኘው ቁጥር ቆዳው ከልኩ በላይ እያበጠ የሚድን ነው፤ ኬሎይድ የሚባለው፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ከሌላው ይልቅ የሚበዛው። ፀጉር አስተካካዮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ጢሙን በምላጭ ጠርጎ የተላጨ ወጣት በሦስተኛው ቀን አንገቱ በሽፍታ ተወርሮ ይመጣል። የተሳለው ጫፍ ተጠቅልሎ ወደ ራሱ ቆዳ ተመልሶ ስለሚገባ ነው። የአሥመራው ሰው እንዲህ ላለው ደንበኛ ምላጭ አያነሡም ነበር፤ በቶንዶስ አሳጥረው ያሰናብቱታል።

ይህን ሁሉ ለጎንደሩ ሰው ያስረዱት አንድ ሱዳናዊ የቆዳ ሐኪም ናቸው። በ2022 መጨረሻ ሄዶ አማከራቸው። ማጅራቱን በአጉሊ መነጽር አይተው ከዚያ የሚነካ እንደሌለ ነገሩት። ጢሙን ዳሰሱ። ከአንገቱ የላጨው ቦታ ላይ የቆየ ሽፍታ እንደሌለ፣ በልጅነቱ ክትባት የተወጋበት ክንዱ ላይ ጠባሳው እንዳላበጠ ተመለከቱ። ከዚያም በአረብኛ ጠየቁት፦

«ጢምህን ትወደዋለህ?»

ጥያቄው ለሕክምና የሚቀርብ ስላልመሰለው ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቃቸው። ሐኪሙም አብራሩለት። ከአገጭ ሥር ሺህና ከዚያ በላይ ፀጉር የተነቀለለት ሰው ጢሙን ቢያሳድግ ከሥር ሳስቶ ይታያል፤ ሁልጊዜ የሚላጭ ሰው ግን ብዙም አይጎድልበትም። ስለዚህ ሐኪም ከመቁጠሩ በፊት ሰውየው ለጢሙ ያለውን ዋጋ ማወቅ ይኖርበታል። ለሱዳናዊ ሙስሊም ይህ የሃይማኖት ጥያቄም ሊሆን እንደሚችል ጨመሩለት።

እርሱ ጢም የሚያሳድግ ሰው አልነበረም። በዕድሜው ሙሉ ያሳደገው አንድ ጊዜ ነው፣ ለአባቱ። እናቱ በሕይወት ነበሩ። ሐኪሙ የጠየቁት ስለ ጌጥ ቢሆንም እርሱ ያሰበው ሌላ ነገር ነበር፤ ያን የመሰለ ቀን ዳግም ሲመጣ፣ እንደ ሰዎቹ ሁሉ ፊቱን በሐዘን ሸፍኖ ለቅሶ መቀመጥ ስለመቻሉ። ይህን በአረብኛ እንዴት እንደሚል አላወቀም። ቃላቱ ጠፍተውት አይደለም፤ ኻርቱም ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ቃላት አይጠፉትም። ነገሩ ከአንድ ራሰ በራ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ ስላፈረ ነው። «አልወደውም» አለና ጨረሰ።

ሐኪሙ ግን አልቸኮሉም፤ ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። በዚህ ዘርፍ ዋናው በሽታ ችኮላ ነውና። በሺህ ከመግባት በፊት ሠላሳ ይሞከር አሉ። በጃንዋሪ 2023 ከአገጩ ሥር ሠላሳ ያህል ፀጉር አውጥተው መሐል አናቱ ላይ፣ የአንድ ሳንቲም ስፋት በማይሞላ ቦታ ተከሉለት። ጠባሳው እንዴት እንደሚድን፣ ከሠላሳው ስንቱ እንደሚበቅል በጥቂት ወራት ይታያል። ጥሩ ከሆነ በበጋው ካይሮ ሄዶ ሙሉውን ያሠራል። የሱዳን ፓውንድ በየጊዜው ሲረክስ እርሱ ከምግብ ቤቱ ገቢ ዶላር እየገዛ በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር።

የተተከለ ፀጉር መጀመሪያ ይረግፋል። ይህ የታወቀ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ጸጉሩ ወድቆ ሥሩ ብቻ ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላም አዲሱ ብቅ ይላል። በፌብሩዋሪ ሲረግፍ አዛውንቱ ፀጉር አስተካካይ በአጉሊ መነጽር የሚያዩ ይመስል አናቱ ላይ እያጎነበሱ ይከታተሉት ነበር። «ዘር ከመብቀሉ በፊት ይሞታል ይላል ወንጌሉ» አሉት። እርሱ ዘር ሳይሆን ችግኝ መሆኑን ሐኪሙ እንደነገሩት ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልሰሙትም።

ኤፕሪል 15 ቀን ጠዋት ጦርነቱ ተጀመረ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል የተደረገው ውጊያ ወደየሰፈሩ ሲዘልቅ፣ ደቡብ ኻርቱም ውኃና መብራት አጣ። ሳሃፋ ውስጥ ሰው ከግድግዳ ሥር መሬት ላይ እየተኛ አደረ። ዳቦ ቤቶች ተዘጉ። ምግብ ቤቱ በነበረው ዱቄት ለሁለት ሳምንት ለጎረቤት እንጀራ ጋገረ፤ ከዚያ ዱቄቱም አለቀ። የአውቶቡስ ዋጋ ሲሰማ የወተት ጣሳውን ከፈተ። ለራሱ፣ ለሁለት ሠራተኞቹና ለአዛውንቱ ከፈለ። አዛውንቱ ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ወደ ካሳላ የሚሄድ ዘመድ አግኝተው በዚያ አቅጣጫ ወጡ። ቶንዶሳቸውን በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል።

መንገዱ በወድ መደኒ፣ በገዳሪፍ አድርጎ ገላባት ይደርሳል፤ ድልድዩን የተሻገረ መተማ ነው። በዚያ ወር በዚያች ጠባብ በር የተሻገረው ሰው በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ ሱዳናዊው ለስደት፣ ኢትዮጵያዊው ወደ ቤቱ። የጎንደሩ ሰው በጉዞው አሥራ አንድ ቀን አልተላጨም። ኮፍያውንም ገዳሪፍ ላይ በግፊያ ጥሎታል።

ቤቱ ሲደርስ እናቱ በር ላይ ነበሩ። አሥራ ስምንት ዓመት አላዩትም። ዓይናቸው ደከም ብሏልና ጠጋ ብለው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ። ስለ አናቱ ምንም አላሉም። ጢሙን ዳሰሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን ሞቶብህ ነው፣ ልጄ?»

ማንም እንዳልሞተበት፣ መንገድ ላይ መላጫ አጥቶ እንደሆነ ነገራቸው። አላመኑትም። ኻርቱም ውስጥ የቀረ ሰው ያለው መስሏቸው እስኪላጭ ድረስ ሁለት ቀን እየደጋገሙ ጠየቁት። በሦስተኛው ቀን ፒያሳ ወርዶ ተላጨ።

የሱዳን ጦር በማርች 2025 ማዕከላዊ ኻርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ ከሳሃፋ ሰዎች የተመለሱ አሉ፤ እርሱ አልተመለሰም። ጎንደር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፍቷል፣ ሱዳን የኖሩ ሰዎች የሚያውቁትን ፉል ይሠራል። ከተተከሉት ሠላሳ ፀጉሮች ሃያ ያህሉ በቅለዋል። ከአገጩ ሥር ያለው ቦታ ሳያብጥ ድኗል፤ በደንብ ላየው ጥቂት ነጫጭ ነጥቦች አሉበት። ሐኪሙ ቢያዩት ኖሮ ምናልባት «ጥሩ ነው፣ ቀጥል» ይሉት ነበር። ገንዘቡ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ከተገኘም በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ስለ መጠየቅ አንሥቶ አያውቅም። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ አዲሱ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልጅ እግር ነው፣ አናቱን ሲጠርግለት ቶንዶሱ አንድ ቦታ ላይ ተንገራገጨ።

«ይቺ ምንድን ናት፣ ጋሼ? እንደ ሽቦ ናት እኮ።»

«ተዋት፤ እሷ የጢም ናት» አለው።

ልጁ ያልገባው ነገር ቢሆንም ቶንዶሱን አንሥቶ ዙሪያዋን አስተካከለ፤ እሷንም እንዳለች ተዋት።